በበዓል የሚፈታ ብረት

አማቴ የልጄን እግር ያዩ ዕለት የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ወደፊትም አልረሳውም። ልጅቱ ከተወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። ሁለቱም እግሮቿ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ወደ ውስጥ ተጠምዝዘው፣ የአንዱ መርገጫ ከሌላው መርገጫ ጋር ይተያያል። አማቴ ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት። «ደግነቱ ሴት ናት» አሉ። «ቀሚሷ ይሸፍንላታል።»

የሰማሁት አራስ ቤት ተኝቼ ነው። ገንፎ እያጎረሱኝ ነበር። መልስ መስጠት አቅቶኝ ሳይሆን፣ አማት ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ የጎረስኩትን ዋጥኩ። ሴት ልጅ ግን በቀሚሷ አትሄድም። ውኃ የምትቀዳው፣ ገበያ የምትወጣው፣ ክፉ ባል ቢገጥማት እንኳ የምታመልጠው በእግሯ ነው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አማቴም እድሜ ልካቸውን የአገራቸውን የደሃናን ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩት በእግራቸው ነበር።

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ፊደሉን ለቀም ለቀም አደረግሁት፤ ኋላም አባቴ ነገሩን ሲያውቁ ሳይቆጡ ዳዊት አስደገሙኝ። እድሜዬ ሲደርስ ለአንድ የደሃና ዲያቆን በቁርባን ዳሩኝ፤ ባለቤቴም ወዲያው ቀሰሱ። መንደራችን ከአምደወርቅ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ገብስ የሚዘራበት ደጋ ላይ ነው። አማቴ ሲረጋጉ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በኽምጣኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ከገባሁ ወዲህ አማርኛቸውን ብዙ የሰማሁ አይመስለኝም። ይህን የማወራው የጃንሆይን ዘመን ነው፤ መንግሥት ከመገልበጡ ዐሥር ዓመት ግድም ቀደም ብሎ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ንዴቴ ይቀልልኝ ነበር። እንደ ሌላው ወንድ «ይህ የሷ ዘር ነው» ብለው እኔ ላይ አላላከኩም። ልጅቱን ክርስትና ባስነሳን ዕለት ከታቦቱ ፊት ተንበርክከው ተሳሉ። «እግሯን አቃናልኝና ወር በገባ ቁጥር በየበዓሉ አቆርባታለሁ፤ አድጋ ስትሮጥ ባየሁ ቀን ደግሞ ድባብ አስገባለሁ» አሉ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ አሜን ብያለሁ። በስለት ላይ ያኔም አሁንም ጠብ የለኝም።

ጠበል ሞከርን። ወጌሻ ተጠራና በቅቤ እያሸ፣ በቀጭን እንጨት እያሰረ ልጅቱን አስለቀሳት፤ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ አምደወርቅ ገበያ ላይ ክትባት ሊከትብ የመጣ ድሬሰር አግኝቼ ጨርቁን ገልጬ አሳየሁት። «ይህ በጀሶ ይቃናል። አጥንቷ ሳይጠና ግን ሩጪ» አለኝ። ባለቤቴ አሰቡ፣ አሰላሰሉ፣ «እግዚአብሔር በሐኪምም እጅ ይሠራል» ብለው ፈቀዱልኝ። ያችን አነጋገራቸውን ያዙልኝ። ኋላ ላይ እሳቸው ራሳቸው ረስተዋታል።

ከሰቆጣ ወንድሜ መጥቶ ወሰደኝ። ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለን ኮረም ወጣን፤ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሆስፒታል ያለበት ከተማ ገባን። ወንድሜ ከአንዲት የሩቅ ዘመድ ዘንድ አስጠግቶኝ ተመለሰ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አጠገቡ ሆኖ የሚያስተረጉም አንድ ፊቱ የማይፈታ ድሬሰር አለ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ጀሶው ይቀየራል። ሐኪሙ እግሯን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ፣ ሊጥ እንደሚያለሰልስ ሰው ወደ ውጭ ይመራዋል፤ የሚችለውን ያህል ከሄደ ያቆምና እዚያው ላይ ጀሶውን ያለብሰዋል። በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ወጌሻችን በአንድ ቀን ሊያቀናው ሲታገል የነበረውን እግር ይህ ሰው በትዕግሥት አግባብቶ አቃናው። የመጨረሻው ጀሶ ሲፈታ የልጄ ሁለት መርገጫዎች ወደ መሬት ተመለከቱ። እግሯን ይዤ አለቀስኩ።

ድሬሰሩ ለቅሶዬን እስክጨርስ አልጠበቀኝም። ሁለት ትናንሽ የቆዳ ጫማዎች አመጣ። ጣታቸው ክፍት ነው፤ ሁለቱም አንድ አግድም ብረት ላይ ወደ ውጭ ዞረው ተቸንክረዋል። ልጅቱ ስታደርገው እግሮቿ ተራርቀው፣ ጣቶቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያያሉ።

«ስሚ» አለኝ። «ጀሶው አቃናው እንጂ አልጨረሰውም። የሚጨርሰው ይህ ነው። መጀመሪያ ቀንም ሌትም ታስሪላታለሽ፤ ለመታጠብ ካልሆነ አይፈታም። መቆም ስትጀምር ቀን ይፈታል፤ ስትተኛ ግን ይታሰራል፤ አራት ዓመት እስኪሞላት። እግሯ ቀጥ ብሎ ታያለሽ፤ ድናለች ትያለሽ፤ ያኔ ከፈታሽው ተመልሶ ይጠመዘዛል። ገባሽ?»

ገባኝ። ደግሞ እንድለው አዘዘኝና ደገምኩለት። እንዴት እንደማስር፣ ተረከዟ ከጫማው ወለል መድረሱን በጣቴ እንዴት እንደማይ፣ ቆዳዋ ከቀላ ጥጥ እንዴት እንደማደርግ አሳየኝ። ዳዊት የደገመ ሰው ይህ አይከብደውም። ከባዱ ነገር አገሬ ላይ እንደሚጠብቀኝ ግን አልነገረኝም፤ ከየት ያውቀዋል።

አገር ስገባ እልልታው ከአጥር ጀመረ። ባለቤቴ የልጅቱን መርገጫ በመዳፋቸው ይዘው ሳሙት፤ እንባቸው ጣቶቿ ላይ ወረደ። «ታቦቱ ሰማኝ» አሉ። ሰው ሁሉ እየመጣ አየ። አማቴ ሳይቀሩ እልል አሉ። ከዚያ እኔ ብረቱን ከጨርቅ አውጥቼ ማሰር ስጀምር እልልታው ቆመ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ባለቤቴ።

አስረዳኋቸው። ድሬሰሩ ያስደገመኝን አንድ ቃል ሳላጎድል ነገርኳቸው።

«ድናለች እኮ» አሉ። «የዳነ ሰው ይታሰራል?»

ጦርነቱ በዚህች ጥያቄ ተጀመረ፤ ለዓመታትም አላለቀም።

መጀመሪያ የመጣብኝ አንቀልባው ነው። በኛ አገር ልጅ የሚታዘለው እግሩን ግራና ቀኝ ከፍቶ የእናቱን ወገብ አቅፎ ነው። በሁለት እግር መሃል ብረት ካለ ወገብ ማቀፍ የለም። ልጅቱን ብረቱ ጀርባዬ ላይ በአግድም እንዲያርፍ አድርጌ፣ እግሯን አጥፌ ማዘል ተማርኩ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ብረቱ ወገቤን ልጦት እገኛለሁ። ግድ አልነበረኝም። አማቴ ግን እኔ ወንዝ ስወርድ ብረቱን ይፈቱና በአንቀልባቸው አዝለው ጎረቤት ይዞራሉ። ስመለስ ጫማዎቹን ግድግዳው ላይ ከአለንጋው ጎን ተሰቅለው አገኛለሁ።

«እናቴ፣ ለምን ይፈቱባታል?» እላለሁ።

«ልጅቱ አለቀሰች።»

«ቢያባብሏት ትተዋለች። ስትፈታና ስትታሰር ነው የባሰ የምታለቅሰው።»

«ጣሊያን እንኳ ህፃን አላሰረም» ይላሉ፤ ከዚያ በኽምጣኛ ይቀጥላሉ።

አማቴን ቻልኳቸው። ውኃ ስወርድ ልጅቱን ከነብረቷ ይዤ መውረድ ጀመርኩ፤ አለቀ። ያልቻልኩት ባለቤቴን ነው። እሳቸው ብረቱን የሚፈቱት በክፋት ወይም ልቅሶ ሰልችቷቸው አልነበረም። በሥርዓት ነበር የሚፈቱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለታቸው በየበዓሉ ማቁረብ ነው። ቤተ መቅደስ በጫማ አይገባም፤ ይህ ግልጽ ነው፤ እሱን እኔም አውቃለሁ። ግን በዚያ አላበቃም። አዲሱ ጫማ የልጅቱን ተረከዝ ፋቅ ፋቅ አድርጎት ነበርና «የሚደማ ገላ ሥጋ ወደሙን አይቀርብም» ብለው በዋዜማው ፈቱት። ቆርባ ስትመለስ ደግሞ ላስር ስል እጄን ያዙኝ። «የቆረበ ሰው ደሙ እንዳይፈስ ይጠበቃል፤ እሾህ እንዳይወጋው እንኳ ይጠነቀቃል። ጫማው ቢልጣትስ? እስከ ነገ ትቆይ» አሉኝ። አንድ በዓል ሲመጣ ብረቱ ዋዜማውን፣ ዕለቱንና ማግስቱን ግድግዳ ላይ ይውላል፣ ያድራል።

እስቲ በዓሉን አብረን እንይ። ልደታ አለች። አቦ አሉ። ሥላሴ ይከተላሉ። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ። በመሃል ሰንበት ይገባል። አንዱ ማግስት ሳያልቅ የሌላው ዋዜማ ይደርሳል። ይህን በጣቴ እያጠፍኩ ፊታቸው ላይ አሳየኋቸው። «ታዲያ ልጅቱ ብረቱን የምታደርገው መቼ ነው?» አልኳቸው። «በጳጉሜ?»

«ከታቦት ጋር ሂሳብ ትተሳሰቢያለሽ?» አሉኝ።

ሂሳብ የምተሳሰበው ከታቦት ጋር አልነበረም፤ ከቄሱ ጋር ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱን መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። ደግሞ በልባቸው ሌላ ነገር ነበረ፤ አንድ ቀን ሲናደዱ አመለጣቸው። «ብረቱን በየቀኑ ስታስሪባት የሚያይ ሰው ታምሩን ይጠራጠራል። እኔ ማረልኝ ብዬ አውጃለሁ፤ አንቺ ገና አልማራትም ትያለሽ» አሉ። ያኔ ሁሉም ገባኝ። የልጄ ተረከዝ መድማቱ ሰበብ ነበር። የሰውየው ጭንቀት የልጅቱ እግር ዳግም እንዳይጠመዘዝ ሳይሆን የተናገሩት እንዳይታጠፍ ነው።

ባገኘሁት ቀን ሁሉ አስራለሁ። ልጅቱ ደግሞ ልጅ ናት፤ የተላቀቀችውን ነገር መልሳ ስታገኘው እንደ አዲስ ትቃወማለች። አስራት ነበር፣ ትጮህ ነበር፣ ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። «ጨካኝ እናት» የሚለውን ስም ያገኘሁት ያኔ ነው። ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ቢታሰርላት በጥቂት ቀን የምትለምደውን ነገር፣ በየበዓሉ እየፈቱ የዘለዓለም ቅጣት አደረጉባት። ጨካኝ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

ገብሱ ሲታጨድ ተረከዟ ከጫማው ወለል አልደርስ አለኝ። ጣቴን ሰድጄ ብፈልግ ባዶ ነው። ጥጡን አወጣሁ፣ ማሰሪያውን አላላሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ መዞር ጀምሯል። በአንድ ወገን ስታያት ደህና ናት፤ በሌላው ወገን ግን የድሮው ጥምዝ እየተመለሰ ነው። ለባለቤቴ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩና «ኃጢአታችን ይሆን?» አሉ።

«ኃጢአት አይደለም» አልኳቸው። «በዓል ነው።»

በመልሴ ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም።

በነጋው ልጄን አዝዬ ወጣሁ፤ ስንቅ ያዘጋጀልኝም የለም። ሆስፒታሉ ያው ነው፤ ድሬሰሩም ያው ነው። እግሯን አይቶ «ማን ፈታው?» አለ። ከዚያ መልሴን ሳይሰማ ቀጠለ። እናንተ የገጠር ሰዎች፣ ነግረናችሁ የማትሰሙ፣ ለልጃችሁ የማታዝኑ፣ ጀሶ ታባክናላችሁ፣ ሐኪም ታደክማላችሁ። ከወገቤ ላይ የብረቱ ጠባሳ ገና አልጠፋም። ቀሚሴን ገልጬ ላሳየው ፈልጌ ነበር። ግን እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው? ባሌ ቄስ ስለሆኑ፣ ልጄ ብዙ ስለቆረበች ነው ልበለው? ዝም ብዬ ተሰደብኩ። የሌላ ሰው ስድብ ተሸክሞ መቆም ምን ያህል እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

እንደገና ጀሶ፣ እንደገና ሳምንት በሳምንት። በዚህኛው ጊዜ ልጅቱ ትልቅ ስለሆነች ታውቃለች፤ ሐኪሙን ስታይ ፊቷን ደረቴ ውስጥ ትቀብራለች። ያ ሁሉ ሥቃይ አያስፈልጋትም ነበር። እግሯ ሲቃና አዲስ ጫማና ብረት ሰጡን። ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ሦስተኛ ጊዜ ከመጣች አጥንቷ አይታዘዘኝም» አለ።

ከዚያ ወደ ደሃና አልተመለስኩም። ሰቆጣ አባቴ ቤት ገባሁ።

የቄስ ሚስት ጥላ ስትሄድ ምን እንደሚሆን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቄስ ሌላ አያገባም። ካገባ ቅስናው ይቀራል፤ ካላገባ እንደ መነኩሴ ይኖራል። ሌላ ሴት ባሏን የምታስፈራራበት ነገር ላይኖራት ይችላል፤ እኔ ግን ነበረኝ፤ ከዚያ በፊት አስቤበትም አላውቅም። ያን ሰሞን ግን እያንዳንዱን ማሰሪያ ስቋጥር አሰብኩበት። አባቴ ቤት ማንም ብረቱን አይፈታም። ልጅቱ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች አለቀሰች፤ ከዚያ ተወችው። ብረቷን መሬት ላይ እያንኳኳች ትስቅ ጀመር። እንዲያውም ሁለቱን እግሯን እኩል አንስታ መንፏቀቅ ተማረች። ያን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ባሰ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር የከለከሏት።

ባለቤቴ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አባቴ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ ሰይጣን ብዙ አወሩ። ሲጨርሱ ተነሥቼ ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ እዚህ ድረስ መጥታችኋልና አታሳፍሪን አትበሉኝ። የምለው አንድ ነው። ልጅቱ እስክትቆም ቀንም ሌትም፣ ከቆመች በኋላ ደግሞ ስትተኛ፣ ብረቱ እግሯ ላይ ነው። ዋዜማ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ፋሲካ ቢሆን እግሯ ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን የሚያደርጉልኝ ከሆነ ዛሬውኑ እነሣለሁ። የማያደርጉልኝ ከሆነ እሳቸው ይመንኩሱ፤ እኔ እዚሁ ልጄን አሳድጋለሁ።»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያዩ ነበር። «ቁርባኑስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተስያለሁ እኮ።»

ያኔ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ደጀ ሰላሙ ላይ ይፈታል፤ ቆርባ ስትወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይታሰራል። እዚያ መሃል ያለው የታቦቱ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የእናቷ ነው» አሉ። «ደም የምትሉትን በጥጥ ጠቅልሉት። የተሳልከው ልታቆርባት ነው፤ እግሯን ልታጠፋ አልተሳልክም።»

በዚያው ዕለት ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንድም ሰው በስለት ታሪኩ ውስጥ ሲያነሣው አልሰማሁም፤ ስለዚህ እኔ ላንሣው። በየበዓሉ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ልጄን አቅፌ እደርሳለሁ። ደጀ ሰላሙ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብረቱን እፈታለሁ፤ አቆርባታለሁ፤ ወጥቼ እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ምእመን ሁሉ እያየኝ አስራለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ። አንዷ አሮጊት «በታቦት ደጅ ሰንሰለት» ብለው አማተቡ። ዝናብ ሲሆን ማሰሪያው ይረጥብና አልቋጠር ይላል፤ በጥርሴ እስበዋለሁ። ልጄ እየቦረቀች ስታድግ፣ ቀን መሮጥ ስትጀምር፣ ማታ ላስር ስል «ዛሬ በዓል ነው፤ አባባ ይፈታልኛል» ትላለች። ያን ቃል ከአባቷ ሰምታዋለች። በዚያች ትንሽ አፍ ስሰማው በሰውየው ላይ ያለኝ ንዴት ይብሳል። አስራታለሁ፤ ተረት እየነገርኩ አስራታለሁ፤ እየተቆጣሁም አስራታለሁ። እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው ብረቱን አልነኩም። ዞር ብለው ግን ይወጣሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ራሳቸው አስረው አያውቁም።

አራት ዓመቷ ደርሶ ብረቱን ለመጨረሻ ጊዜ ፈታሁት። የግራ እግሯ ቀጥ ያለ ነው። ቀኙ፣ ያ ተመልሶ የተጠመዘዘው፣ ስትደክም ጣቱን በመጠኑ ወደ ውስጥ ይጥላል፤ ካልነገሩት በቀር ሰው አያየውም። እኔ አየዋለሁ። እነዚያ ብረቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያለፉት በዓሎች ናቸው።

ባለቤቴ ድባብ አሰፉና ለስለታቸው ቀን ቆረጡ። ሰው ከየመንደሩ ተሰበሰበ። ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ከሕዝቡ ፊት ቆሙ፤ ልጃችንን አጠገባቸው አቆሟት። ታምሩን ተናገሩ። እግሯ እንዴት ተጠምዝዞ እንደተወለደ፣ እንዴት ተንበርክከው እንደተሳሉ፣ በየበዓሉ እንዴት እንዳቆረቧት፣ ታቦቱ እንዴት እንዳቃናላት። «ሂጂ ልጄ» አሏት፤ ልጅቱ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ልሔሙ ሮጠች። እልልታው ግቢውን ሞላው። ሐኪም የሚል ቃል አልወጣቸውም። ጀሶ አላሉም። ብረት አላሉም። እኔ እልል አላልኩም፤ ያስተዋለኝም አልነበረም።

አንዲት ሴት ግን አስተዋልኩ። ከታችኛው መንደር ናት፤ ገና ልጅ እግር ናት። የያዘችውን ህፃን እግር የሸፈነችበትን አሸፋፈን ሳይ አወቅሁ። እኔም እንዲያ ነበር የምሸፍነው። ባለቤቴ ሲጨርሱ ወደ ፊት አለፈች፤ ህፃኗን ከመስቀሉ ሥር አስጠጋች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተሳለች።

አጥሩ ጋ ጠብቄ እጇን ያዝኳት። «እህቴ፣ ስለቱን ተሳይ፣ መልካም ነው። ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ወደ ሐኪም ይዘሻት ሂጂ። የኔን ልጅ እግር ያቃናው ጀሶ ነው፤ ያጸናው ብረት ነው። ሁሉንም አሳይሻለሁ፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ፊቴን በፍርሃት አየችኝ። «እትዬ፣ ቄሱ ብረት አላሉም» አለች።

«እኔ እናቷ ነኝ።»

«አሁን በታቦቱ ፊት ተስዬ ወጥቼ ሐኪም ቤት ብሄድ አላመንኩም ማለት አይሆንብኝም? እንደ እርስዎ ልጅ ይማርልኛል» አለችና እጇን ቀስ አድርጋ ከእጄ አወጣች።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከእንግዶቹ ጋር ጠላ እየጠጡ ነበር። እስኪሸኙ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገርኳቸው። «ቤቷ ድረስ ይሂዱና አንድ ቃል ይንገሯት። እኔን አትሰማም፤ እርስዎን ትሰማለች። ብረቱም ነበር ይበሏት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«በሕዝብ ፊት የመሰከርኩትን በጓዳ ላፍርሰው?» አሉ።

«አንዲት ህፃን ናት» አልኳቸው። «እግዚአብሔር በሐኪምም እጅ ይሠራል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ይማራታል» አሉና ልብሳቸውን አስተካክለው ወጡ።

ልጄ ያደረገቻቸውን ጫማዎች ከነብረቱ ይዤ ያችን ሴት ከዚያ በኋላም ሄጃት ነበር። በደጃፉ በኩል «በሕግ አምላክ፣ ታቦት አታጣይኝ» ብላ መለሰችኝ። ጊዜው አለፈ። ህፃኗ አደገች። አምደወርቅ ገበያ ላይ አያታለሁ፤ እናቷ የሽንኩርት መደብ ዘርግታ ስትቀመጥ አጠገቧ ትሆናለች። በመርገጫዋ አይደለም የምትሄደው፤ በእግሯ ጎን ነው፤ ያ ቦታ እንደ ተረከዝ ጠንክሮ ተሰነጣጥቋል። እናቷ እኔን ስታየኝ የልጅቱን ቀሚስ ወደ ታች ትስበዋለች።

ያችን ልጅ እንዲያ ስትሄድ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ከገበያ ስመለስ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነበር። እንደ ወትሮው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። አልተሳለምኩም። በአጠገባቸው አልፌ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብር እየሄድኩ የሌላ ቄስ መስቀል እሳለማለሁ፤ የባለቤቴን መስቀል ግን ተሳልሜ አላውቅም። እሳቸውም ለምን ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።